ሳይለካ የሚፈታ፣ ለክቶ የሚፈታ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ባለ 2.5 ሊትር፣ ባለ ተርቦ (ተርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ ነው) ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይ ሁለተኛ እጅ ገዝተዋል። የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን አስቀይሯል፤ የሞተሩን ኮምፒውተርም እንደ አዲስ አስጽፎታል ተብሏል፤ ማን እንደ ጻፈው ግን አይታወቅም። መኪናው በቀስታ ሲነዳ እንከን የለውም። በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን ሲረገጥና ተርቦው መንፋት ሲጀምር ግን ይደነቃቀፋል፤ የሞተር መብራትም ይበራል። አንድ ጋራዥ «ተርቦው አልቋል፤ ይቀየር» አላቸው። ሌላው «ሞተሩ መከፈት አለበት» አላቸው። «ሁለቱም በእርግጠኝነት ነው የተናገሩት። የትኛውን ልመን? ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚታመን መካኒክስ እንዴት ይገኛል?» ይላሉ።

ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥልዎ ከሆነ አልመርጥም። ከጽሑፍዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «በእርግጠኝነት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ተርቦው አልቋል ያሉት ሰው የተርቦውን ዘንግ በጣታቸው ነክተው አይተዋል? ሞተሩ ይከፈት ያሉት የአራቱን ሲሊንደሮች ግፊት ለክተዋል? ለክተው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ይነግሩዎት ነበር፤ እርስዎም ይጽፉልኝ ነበር። ሞተርዎ ይከፈት ተብሎ ቁጥር የተነገረዎት ቢሆን ኖሮ ያንን ቁጥር እንቅልፍ አጥተው ያድሩበት ነበር እንጂ አይረሱትም። የደረሰኝ ግን ሁለት ፍርድ ብቻ ነው፤ ምስክር የለውም። ስለዚህ ጥያቄዎን እኔ በሌላ መንገድ ላንሣው፦ ከመፍታቱ በፊት የሚለካ፣ የለካውንም የሚያሳይ ሰው እንዴት ይገኛል?

ተራ መኪና ስንፍናን ይቅር ይላል። ተርቦ የሌለውና ለዝግታ የተሠራ ሞተር አንድ ካንዴላው ቢደክም እያነከሰም ቢሆን ለወራት ያደርሳል። ለጉልበትና ለፍጥነት የተሠራ መኪና ግን ሁሉ ነገሩ ከወሰኑ አጠገብ ነው። የተርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ተሸክሞት የሚገኘው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ታምቆ ስለሚገባ ግፊቱም ሙቀቱም ከፍ ይላል። ቤንዚኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ በራሱ ከተቀጣጠለ ምቱ በፒስተኑ ላይ ያርፋል። በእርስዎ ሞተር ላይ በዚህ ምት ቀድሞ የሚሰበረው በፒስተን ፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) መካከል ያለው ቀጭን ጠርዝ እንደሆነ ይህን ሞተር ከፍቶ ያየ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ አስቡት፤ ሳይለካ ተርቦው ቢቀየርና እውነተኛው ጥፋት ሳይነካ ቢቀር፣ አዲሱ ተርቦ ከአሮጌው አብልጦ ይነፋና ያልተነካውን ጥፋት ይጨርሰዋል። የተርቦ ገንዘብ ከፍለው ሞተር ሲያጡ ይታይዎት።

ይህን የምለው በሰው ስሕተት አይቼ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ ሲረገጥ ጉልበቱ የሚጠፋ ባለ ተርቦ መኪና መጣልኝ። የማፏጨት ድምፅ ሰማሁ፤ ተርቦ ነው አልኩ። ባለቤቱ አመነኝ፤ ተርቦ ገዛ፤ ቀየርኩለት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ መኪናው እንደዚያው ነው። ያወረድኩትን ተርቦ ከብረት ክምር ውስጥ አውጥቼ ዘንጉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ወደ ጎን ለስሜት ያህል ላወስ ይላል፤ ያ የዘይቱ ቦታ ነው፤ ጤነኛ ተርቦም አለው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ንቅንቅ የለም፤ ምላጮቹም አንድም ቦታ ግድግዳውን አልነኩም። ያወረድኩት ጤነኛ ተርቦ ነበር። ጥፋቱ ያለው የታመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በሚወጣው የጎማ ቱቦ ሆድ ላይ ነው፦ መኪናው ቆሞ ሲታይ ድፍን፣ ግፊት ሲገባበት ብቻ እንደ ከንፈር የሚከፈት ስንጥቅ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ውዬ ነበር። አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የሳሙና ውሃ የሞላ ጠርሙስና የአየር መሙያ ቱቦ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡና ሄዱ። የተርቦውን ዋጋ ከደመወዜ ቀስ በቀስ ከፍዬ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ የፈታሁት ቡሎን የለም ብል እዋሻለሁ፤ ሳልለካ ያስገዛሁት ዕቃ ግን የለም።

አሁን ወደ መኪናዎ እንመለስ፤ የሚታመን መካኒክ ምን እንደሚያደርግ በእርሱ ላይ ባሳይዎ ይሻላል።

ሲረገጥ ብቻ መደነቃቀፍ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሳቱ ነው። ተርቦው ሲነፋ በካንዴላው ጫፍ ዙሪያ ያለው አየር ይጠቀጠቃል፤ እሳቱ ያንን ዘልሎ ለማለፍ የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ያረጀ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል (ለካንዴላው ቮልቴጅ የሚሰጠው) በቀስታ ሲነዳ ይበቃል፤ ሲጨነቅ ግን ይሸነፋል። አዋቂው ሰው መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ያነባል። ፒ0301 የሚል ከሆነ 1ኛው ሲሊንደር ሳይቀጣጠል እያለፈ ነው ማለት ነው። ከዚያ የ1ኛውን ሲሊንደር ኮይል ነቅሎ በ3ኛው ላይ፣ የ3ኛውን በ1ኛው ላይ ያደርጋል፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ስላሉ ሥራው ብዙ አይደለም። ኮዱን አጥፍቶ መኪናውን ይነዳዋል። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ ከኮይሉ ጋር አብሮ ተጉዟልና። ካልዞረ ካንዴላዎቹን እንደዚያው ያለዋውጣል። አሁንም ካልዞረ ነገሩ ከእሳት ወጥቶ ወደ ቤንዚን መርጫው ወይም ወደ ሲሊንደሩ ራሱ ሄዷል። እስከዚህ ድረስ አንድም ዕቃ አልተገዛም። «ተርቦው ይቀየር» ከማለት በፊት ይህን ያላደረገ ሰው ቸኩሏል።

በነገራችን ላይ መብራቱ በርቶ የሚቆይ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም የሚል? አልጻፉልኝም፤ መካኒኮቹም የጠየቁዎት አይመስልም። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው መስመር ያለውን የጭስ ማጣሪያ ካታላይዘር እያቃጠለ ነው፤ ኮምፒውተሩ «አትርገጥ» እያለዎት ነው። ይህን ጥያቄ በስልክ ገና ሲያናግሩት የሚጠይቅ መካኒክ ግማሽ ፈተናውን አልፏል።

እሳቱ ንጹሕ ከሆነ ሲሊንደሩ ይለካል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉትን ሥራ ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። የእርስዎ ሞተር ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ ካንዴላዎቹ የሚገኙት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከመኪናው ገላ ጋር በተጠጋ ጠባብ ቦታ ነው። ለመድረስ በአንዱ ወገን ባትሪው፣ በሌላው ወገን የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይወርዳል፤ አጭር መፍቻና የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል፤ የእጅ አንጓ ይላጣል። ልኬቱ የሚዘለልበት እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። «ድምፁን ሰምቼ አውቄዋለሁ» የሚለው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ «ባትሪውን ማውረድ ሰልችቶኛል» ተብሎ ይተርጎም።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ግፊት፣ ይለካል፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የቤንዚን መርጫው ተቋርጦ፣ የአየር መግቢያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቁጥሩ ዋጋ የለውም። አራቱ ቁጥሮች ከፍ ማለታቸው ሳይሆን መቀራረባቸው ነው የሚታየው። አንዱ ከጓደኞቹ ከወረደ ሁለተኛው ልኬት ይመጣል፤ ሊክ ዳውን ይባላል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ቫልቮቹ ሁሉ በተዘጉበት ቅጽበት በካንዴላው ቀዳዳ 7 ባር ገደማ የታመቀ አየር ይገባል፤ መለኪያው ከገባው አየር በመቶ ስንቱ እንደሚያመልጥ ያሳያል። ከ10 በመቶ በታች ጤና ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ ጥያቄ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የምወደው ግን ጆሮ የሚሠራውን ነው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። አየሩ በአየር መግቢያው በኩል «ሽሽ» ካለ የመግቢያው ቫልቭ ነው። በማርሚታው ጫፍ ከተሰማ የመውጫው ቫልቭ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ከዚያ ከነፈሰ ፋሻው ወይም ያ የነገርኩዎት የፒስተን ጠርዝ ነው። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ፊኛ ፊኛ ካለ የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋስኬት ነው። ሞተሩ አልተከፈተም፤ ውስጡ ግን ታወቀ። ይህን ሲያደርግ ቆመው እንዲያዳምጡ የሚጠራዎት መካኒክ ካገኙ ስልኩን በሁለት ቦታ ይጻፉት።

ይህን ሁሉ ለክቶ «ሦስተኛውና አንደኛው ደህና ናቸው፤ አራተኛው 35 በመቶ ያፈስሳል፤ የሚወጣውም በዘይት መሙያው ነው» ብሎ ሞተሩ ይከፈት ካለዎት ያስከፍቱት። ያኔ ያመኑት ሰውየውን ሳይሆን መለኪያውን ነው።

ስለ ኮምፒውተር ማንበቢያው አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ በየኪሱ አለ፤ ስለዚህ ኮድ ማንበብ ሙያ መስሎ ይታያል። ኮድ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0299 የሚለውን እንውሰድ፦ ኮምፒውተሩ ያዘዘው የአየር ግፊት አልደረሰም ማለት ነው። ለምን እንዳልደረሰ አይናገርም። ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ማሰሪያ ላልቶ፣ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ደክሞ፣ ወይም በእርግጥም ተርቦው አልቆ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አንብቦ ወዲያው ወደ ዕቃ መደብር የሚልክ ሰው ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ነው። የእርስዎን መኪና በትክክል የሚያውቅ ግን ከኮዱ ይልቅ መኪናው እየተነዳ ያሉትን ቁጥሮች ይፈልጋል። ሱባሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያኖረው አንድ የእምነት ቁጥር አለ፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። 1 ከሆነ ኮምፒውተሩ የነዳጁ መቀጣጠል ደህና ነው ብሎ አምኗል፤ ከወረደ ደጋግሞ ኖኪንግ የሚባለውን፣ ቤንዚኑ በራሱ ሲቀጣጠል የሚሰማውን ምት ሰምቶ የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ እየጎተተ ነው። ማን እንደ ጻፈው በማይታወቅ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የምመለከተው ይህን ነው። መካኒክዎን «የኖክ እርማቱን አይተኸዋል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን እርስዎ ባይረዱት እንኳ ፊቱን ያያሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው የት ይገኛል? ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመኪና ባለቤቶችን ነው፤ ክፉ አይደለም፤ በተለይ ያንኑ ሞዴል ለብዙ ዓመት የያዙና በውድድር ሜዳ የሚነዱ ከሆኑ። ነገር ግን የመኪና ባለቤት የሚያመሰግነው በአብዛኛው ጨዋነትን ነው፤ ቡና የጋበዘውን፣ ቀኑን ያልረሳለትን። ሥራውን ለማየት ዓይን የለውም። እኔ ብሆን የምጠይቀው ሲሊንደር የሚሞርደውንና ቴስታታ የሚያስተካክለውን የማሽን ባለሙያ ነው። እርሱ የሁሉንም መካኒክ ጉድ ያውቃል። አንዱ መካኒክ ብሎኩን አጥቦ፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር በሦስት ቦታ ለክቶ፣ ልኬቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ያመጣዋል፤ ሲመለስለትም ራሱ ደግሞ ይለካዋል። ሌላው በዘይት እንደ ተጨማለቀ ከመኪና ጀርባ ጥሎለት «እንደ ፍጥርጥሩ አድርገው» ብሎ ይሄዳል። ጥያቄዎ አንድ ብቻ ይሁን፦ «የራስህን ሞተር ማን እንዲገጥምልህ ትፈልጋለህ?» የጎማና የመሪ መስመር የሚያስተካክሉ ባለሙያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ከማን ጋራዥ የወጣ መኪና ቡሎኑ ላልቶ እንደሚመጣ ያያሉ። መለዋወጫ ሻጮችን ግን በጥንቃቄ፤ ብዙ የሚገዛላቸውን ነው የሚያመሰግኑት፤ ብዙ መግዛት ደግሞ ብዙ መገመትም ሊሆን ይችላል።

ጋራዡ ሲደርሱ ወለሉ እንደ መስታወት መሆኑን አይፈልጉ፤ የሚሠራ ሰው ወለል ይቆሽሻል። የተከፈተ ሞተር ካለ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል ወይ? ወደ ተርቦው የሚወስድ የተፈታ ቱቦ አፉ ክፍት ከሆነ አንዲት ትንሽ ዳዶ ገብታ የምትሠራውን አይጠይቁ። የተፈቱት ቡሎኖች በየከረጢቱ ተለይተው ተጽፎባቸዋል ወይስ አንድ ጣሳ ውስጥ ተደባልቀዋል? የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው ቶርክ መፍቻ በሳጥኑ ውስጥ፣ ምንጩ ላልቶ ተቀምጧል ወይስ እንደ መዶሻ ወለል ላይ ተጥሏል? ይህ መፍቻ ለዚህ ዓይነት መኪና ጌጥ አይደለም። በመሐል አንድ ዳዶ ብቻ ያላቸው የፖርሽ የውድድር ዓይነት ቸርኬዎች 600 ኒውተን ሜትር ድረስ ይጠብቃሉ፤ ያንን «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ከመኪናው ውስጥ አይግቡ። ብዙ የሞተር ቡሎኖች ደግሞ ሲጠብቁ እንዲለጠጡ የተሠሩ ስለሆኑ አንድ ጊዜ ከተፈቱ አይመለሱም። «አሮጌውን ቡሎን መልሰህ ትጠቀማለህ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «የትኛውን?» ነው።

ሌላ ዓይነት መኪና ያላችሁ አንባቢዎችም ይህን ስለምታነቡ፣ የመኪናችሁን የታወቀ ደካማ ቦታ አውቃችሁ ሂዱ፤ ፈተናው እርሱ ነው። ባለ ቪ8 ቢኤምደብሊው ኤም3 ያለው ሰው መካኒኩ የቢዬላ ብሮንዚናውን (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ የሚሽከረከርበትን ማረፊያ) ሳይጠየቅ ያነሣ እንደሆነ ይመልከት፤ የዘይቱን ዓይነት 10ደብሊው-60 እንደሆነ ያውቅ እንደሆነም ያዳምጥ። በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ሮተር ያለው የማዝዳ ሮታሪ ሞተር በተራ የኮምፕሬሽን መለኪያ አይለካም፤ እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊት ስላለው ተራው መለኪያ ከሦስቱ ትልቁን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ «ለክቼው ደህና ነው» ያለውን «በምን ለካኸው?» በሉት። ከሁሉ የምወዳት ጥያቄ ግን የፖርሽዋ ናት። የ996 ትውልድ የተራው 911 ሞተር በመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ስሙ የጠፋ ነው፤ የዚያው ዘመን ቱርቦና ጂቲ3 ግን ሌላ ሞተር ስላላቸው ይህ ሕመም የለባቸውም። ባለ ቱርቦ ይዛችሁ ሄዳችሁ መካኒኩ «ኩሽኔታው ይቀየርልህ» ካላችሁ፣ የሰማውን የሚደግም እንጂ የሚያውቅ ሰው አላገኛችሁም።

ሁሉንም በቃሉ እንዲያውቅ አልጠብቅም። ጥሩ መካኒክ «ቆይ መጽሐፉን ልይ» ይላል፤ ይህን ሲል አያፍርም። እንዲያውም «ይህ ካምቢዮ የእኔ ሥራ አይደለም፤ እገሌ ጋ ውሰደው» ያለኝን ሰው ከዚያ በኋላ በሌላው ሥራ ሁሉ አምነዋለሁ። በተቃራኒው ኮፋኖው ሳይከፈት የቀድሞውን መካኒክ መስደብ የሚጀምረውን፣ «የዚህ መኪና ጠባዩ ነው» የሚለውን፣ ሲሠራ እንዳያዩ የሚከለክለውን አልፌ እሄዳለሁ።

ኮምፒውተሩን የሚጽፈው ሰውና መካኒኩ ሁለት ሙያ መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። አንዱ የአየሩንና የቤንዚኑን ምጣኔ፣ የእሳቱን ጊዜ ያስተካክላል፤ ሌላው ብረቱን ያውቃል። ሁለቱን የሚችል አለ፤ ጥቂት ነው። ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ሳያስለካ ኮምፒውተሩን ለመጻፍ የተስማማ፣ ወይም በስልክ «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት እሰጥሃለሁ» ያለ ሰው ሁለቱንም አያውቅም። የእርስዎ መኪና መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ጽሑፍ ቢመለስ ደስ ይለኛል፤ ማን እንደ ጻፈው በማይታወቅ ነገር ላይ ጥፋት መፈለግ በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ወኪል ጋራዦችን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የፋብሪካው መሣሪያና መመሪያ አላቸው፤ ዋስትናው ያላለቀ መኪና ቦታው እዚያ ነው። ዕድሜው የገፋና የተነካካ መኪና ግን ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም የዛሬው ሠራተኛ ነገ ሌላ ነው።

ሰውየውን ካገኙት በኋላ ሞተር ይዘውለት አይሂዱ። ዘይት ለውጥልኝ፣ የፍሬን ዘይት ቀይርልኝ ይበሉት። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወሰኑ 155 ድረስ ይወርዳል፤ በፍጥነት ለሚነዳ መኪና ልዩነቱ የፍሬን መኖርና አለመኖር ነው። «በውድድር ሜዳ ትነዳዋለህ?» ብሎ ይጠይቅዎ ይሆን? የወጣውን የዘይት ማጣሪያ ቆርጦ ወረቀቱን ዘርግቶ የሚያብረቀርቅ ብረት ፈልጎ ያሳይዎት ይሆን? የጎማውን ዳዶ በአየር መሣሪያ ብቻ አጥብቆ ይተወዋል ወይስ በመጨረሻ በቶርክ መፍቻ ያጠብቃቸዋል? በዘይት ለውጥ ላይ የማይጠነቀቅ በፒስተን ላይ አይጠነቀቅም።

ገንዘቡን በሚመለከት ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው፤ ለምርመራው መክፈል አይፈልጉም። «ማየቱ በነጻ ነው» የሚል ጋራዥ ያየበትን ጊዜ ከአንድ ቦታ ማውጣት አለበት፤ የሚያወጣውም ከሚሸጥልዎ ዕቃ ነው። ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። መጀመሪያ «ለምርመራው ሰዓትህን እከፍልሃለሁ፤ ውጤቱን በቁጥር ጻፍልኝ፤ ምንም አትግዛ፤ ምንም አትቀይር» ይበሉት። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል፤ ላባችንን የሚከፍለን ደንበኛ ብዙ የለንምና። ጥገናው ለብቻው፣ በጽሑፍ፣ የሚቀየረው ዕቃ ተዘርዝሮ ይመጣል። የወለቀው አሮጌ ዕቃም ለእርስዎ ይመለስ፤ ባያስፈልግዎትም ይመለስ።

እርስዎም ለእርሱ የሚታመኑ ይሁኑ። ኮምፒውተሩ መነካካቱን፣ የትኛውን ቤንዚን እንደሚሞሉ፣ አንድ ቀን ዘይቱ ጎድሎ ነድተውት እንደሆነ ይንገሩት። ከእኛ የሚደበቅ ነገር ሁሉ በሰዓት ሂሳብ ነው የሚገኘው። ርካሽ ካንዴላ በኪስ ይዞ መጥቶ «ይህን ግጠምልኝ» ማለትም ይቅርብዎ፤ ሐሰተኛ ካንዴላ በማሸጊያው አይለይም፤ ሲሰበር ግን ገጣሚው ነው የሚጠየቀው።

እስከዚያው ድረስ መኪናውን ተርቦው እስኪነፋ አይርገጡት። ዛሬውኑ ሜዳ ቦታ አቁመው የዘይቱን ልክ ይዩ፤ ይህ ሞተር ዘይት መጠጣት ይወዳል፤ ዘይቱ ሲጎድል ብሮንዚናው ቀድሞ ይሄዳል። የሁለቱን ጋራዦች ምክር ወደ ጎን አድርገው ለሦስተኛው ሰው የሚሆነውን ብቻ ይንገሩት፦ መቼ እንደሚደነቃቀፍ፣ በስንት ዙር፣ በስንተኛ ማርሽ፣ መብራቱ እንዴት እንደሚበራ። «ተርቦ ነው አሉኝ» አይበሉት፤ ጆሮውን አይመርዙበት። የኮይሉን ልውውጥ ያድርግ፤ ኮዱ ከዞረ አንድ ኮይል ገዝተው ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ካልዞረ ባትሪውንና የአየር ሳጥኑን አውርዶ አራቱን ሲሊንደሮች ይለካ፤ በተለይ አራተኛውን፤ በዚህ ሞተር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው እርሱ ነው። አራቱን ቁጥሮችና አየሩ ያፏጨበትን ቦታ በወረቀት ይጽፍልዎ። እርሱን ከላኩልኝ ሞተሩ ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን ያኔ እነግርዎታለሁ።